አውቶማቲክ የጡረታ ምዝገባ፦ ለድርጅትዎ የትኛው ዓይነት፣ ከየትኛው ማሳወቂያ ጋር?

ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ የሚንከባከቡ አንዲት እናት የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ሥራዬ የአነስተኛ ድርጅቶችን ሒሳብና ፔይሮል መያዝ ነው። እሳቸው የደንበኛዬ ሠራተኛ አልነበሩም፤ ሰው ጠቁሟቸው ነው የመጡት። በየሁለት ሳምንቱ 1,600 ዶላር ያገኛሉ። ከታክሶቹ በታች ቀድሞ ያልነበረ መስመር ገብቷል፤ 48 ዶላር ይላል። «ልጄ፣ ይኼ ደግሞ የምን ታክስ ነው?» አሉኝ።

ታክስ አልነበረም። አሠሪያቸው ፎር ኦ ዋን ኬ፣ በጽሑፍ 401ኬ የምንለውን የጡረታ ቁጠባ ከፍቶ፣ «አልፈልግም» ያላለውን ሠራተኛ ሁሉ መዝግቦ፣ ከደመወዛቸው 3 በመቶ እየቆረጠ ያስገባላቸው ነበር። ማሳወቂያው ደርሷቸዋል። ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ ከሱፐርማርኬት ኩፖንና ከኢንሹራንስ ማስታወቂያ ጋር ታጥፎ፣ ፖስታው እንኳ አልተቀደደም። ቀኑን ቆጠርን። የመጀመሪያው 48 ዶላር ከተቆረጠ 104 ቀን ሆኖታል። በዚያ ፕላን ተመዝጋቢው ሐሳቡን ቀይሮ ገንዘቡን ያለ ቅጣት የሚያወጣበት ጊዜ 90 ቀን ነበር። 8 ጊዜ ተቆርጦ 384 ዶላር ገብቷል። ከዚያ ወዲያ የሚቆረጠውን ማስቆም ይችላሉ፤ የገባውን ግን ሥራውን ሳይለቁ በቀላሉ አያገኙትም።

እኚህ እናት ቁጠባ የሚጠሉ ሰው አይደሉም። እቁብ ይጥላሉ፤ አገር ቤት ያለችውን እህታቸውን ይረዳሉ። «ቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ እቁቤን ቀንሼ እዚህ አስገባ ነበር» አሉኝ። ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ደብዳቤው በሕጉ መሠረት ተልኳል፤ ለእሳቸው ግን ምንም አልነገራቸውም።

ከአገር ቤት የመጣ ሰው እንዲህ ያለ መስመር አይቶ ዝም ማለቱ አይገርምም። ኢትዮጵያ ውስጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ «ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ አሜሪካም ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ ሲቆርጥ አይጠይቅም። 401ኬ ግን የፈቃድ ነገር ነው። ሠራተኛው እንቢ ማለት፣ መቀነስ፣ መጨመር ይችላል። ይህን መብቱን የሚያውቀው በማሳወቂያው ነው።

ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ምግብ ቤት፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ የፓርኪንግ፣ የጽዳት ወይም የትራንስፖርት ድርጅት ኖሮዎት ሠራተኞችዎን በጡረታ ቁጠባ ለማስገባት ለሚያስቡ ነው። ፕላን የሚሸጡ ሰዎች ንጽጽሩን ከመዋጮና ከክፍያ ይጀምራሉ። እኔ ከማሳወቂያው እንጀምር እላለሁ። እጄ ላይ የወደቁት ችግሮች አብዛኞቹ የመነጩት ከዚያ ነው፤ የትኛው ዓይነት ፕላን ለየትኛው ድርጅት እንደሚስማማም ከሁሉ በላይ የሚለየው ማንን፣ መቼ፣ ምን ብለው ማሳወቅ እንዳለብዎት ነው።

መጀመሪያ፦ ምርጫው የእርስዎ ነው ወይስ የሕጉ?

ሴኪዩር 2.0 የተባለው ሕግ የተፈረመው ዲሴምበር 29 ቀን 2022 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተከፈተ 401ኬ፣ ከ2025 የፕላን ዓመት አንሥቶ ሠራተኞቹን በአውቶማቲክ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ከደመወዝ የሚቆረጠው መነሻ ከ3 በመቶ አያንስም፣ ከ10 አይበልጥም። በየዓመቱ 1 በመቶ እየጨመረ ቢያንስ 10፣ ቢበዛ 15 በመቶ ድረስ ይሄዳል።

ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆኑት ጥቂት ናቸው። በመደበኛነት 10 ወይም ከዚያ በታች ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ ከተቋቋመ 3 ዓመት ያልሞላው ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያን የከፈተችው ፕላን፣ የመንግሥት ፕላን፣ እንዲሁም ከዲሴምበር 29፣ 2022 በፊት የተከፈተ ፕላን። የብዙዎቻችን ምግብ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባንዱ ይገባል። ሆኖም 11ኛውን ሠራተኛ ሲቀጥሩ ወይም 3ኛው ዓመት ሲሞላ ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ፕላን ሲከፍቱ የዛሬውን ሳይሆን የሁለት ዓመት በኋላውን ድርጅትዎን አስበው ይክፈቱ።

የፌዴራሉ ሕግ «401ኬ ክፈት» ብሎ ማንንም አያስገድድም። የሚያስገድዱት አንዳንድ ስቴቶች ናቸው፤ እሱም «የራስህ ፕላን ከሌለህ በእኛ ፕሮግራም ሠራተኞችህን አስመዝግብ» በማለት ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ኢሊኖይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አላቸው።

የስቴቱ ፕሮግራም

ለማሳወቂያ የሚቀለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደብዳቤውን የሚልከው እርስዎ ሳይሆኑ ፕሮግራሙ ነው። እርስዎ ድርጅቱን ያስመዘግባሉ፣ የሠራተኞቹን ስምና አድራሻ ይሰጣሉ፣ ከዚያ በየደመወዙ ቆርጠው ያስተላልፋሉ። ካልሴቨርስ በሚባለው የካሊፎርኒያ ፕሮግራም ሠራተኛው መረጃው ከተላከለት በኋላ ለመውጣት 30 ቀን ይሰጠዋል። ዝም ካለ 5 በመቶ ይቆረጥበታል፤ በየዓመቱ 1 እየጨመረ እስከ 8 ይደርሳል። ሜሪላንድ ሴቭስም መነሻው 5 በመቶ ነው። አሠሪው የሚያዋጣው የለም፤ ማዋጣትም አይችልም።

ገንዘቡ የሚገባው በሠራተኛው ስም በተከፈተ ሮት አይአርኤ ነው፤ ይህ ታክስ ከተከፈለበት ገንዘብ የሚቆጠብበት የግል የጡረታ ሒሳብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። በሮት አይአርኤ ውስጥ ሠራተኛው ራሱ ያስገባውን ዋናውን ገንዘብ በማንኛውም ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትርፉ ነው። ስለዚህ ማሳወቂያው ያመለጠው ሰው፣ እንደዚያች እናት ዓይነቱ፣ እዚህ ቢሆን ኖሮ በ104ኛውም ቀን 384 ዶላሩን ባወጣ ነበር። ማሳወቂያ ባይነበብ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉም መንገዶች ያነሰው እዚህ ነው።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። በ2025 በአይአርኤ የሚቀመጠው ቢበዛ 7,000 ዶላር ሲሆን (ዕድሜው 50 ላልሞላ)፣ በ401ኬ 23,500 ነበር። ባለቤቱ ራሱ ብዙ መቆጠብ ከፈለገ ይጠበዋል። ለሜሪላንድ ባለንብረቶች ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ በሜሪላንድ ሴቭስ የሚሳተፍ ወይም የራሱ ፕላን ያለው ድርጅት ለስቴቱ በየዓመቱ የሚከፍለው የ300 ዶላር የሪፖርት ክፍያ ይነሣለታል። በአንጻሩ ካሊፎርኒያ ችላ ያለውን ትቀጣለች፤ መጀመሪያ በአንድ ሠራተኛ 250 ዶላር፣ መዘግየቱ ከቀጠለ በአንድ ሠራተኛ 500 ዶላር ተጨማሪ።

ተራው አውቶማቲክ ምዝገባ

ይህ በድሮ ፕላኖችና ከግዴታው ነፃ በሆኑ ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ ያለ ነው። መቶኛውን ራስዎ ይወስናሉ፤ በየዓመቱ መጨመርም አለመጨመርም ይችላሉ። ነፃነቱ ደስ ይላል። ማሳወቂያው ላይ ግን ሰዎች የሚስቱት ነገር አለ።

ሠራተኛው ቁጠባው ኢንቨስት የሚደረግበትን ፈንድ ካልመረጠ ገንዘቡ አንድ ቦታ መግባት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ በጡረታ ዕድሜው ልክ የተዘጋጀ ታርጌት ዴት ፈንድ ውስጥ። ያ ፈንድ ቢከስር «አንተ ነህ የመረጥክልኝ» ተብለው እንዳይጠየቁ ሕጉ ለአሠሪው ከለላ ይሰጣል። ከለላው የሚገኘው ግን ማሳወቂያው ሠራተኛው ፕላኑ ውስጥ ከሚገባበት ወይም ገንዘቡ መጀመሪያ ኢንቨስት ከሚደረግበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ከተሰጠ ነው። በተራው ዓይነት ሰኞ ቀጥረው በሚቀጥለው ደመወዝ መቁረጥ ከጀመሩ ይህን 30 ቀን አላከበሩም ማለት ነው። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ኩሽና ውስጥ 30 ቀን ጠብቆ በትክክለኛው ደመወዝ መጀመርን ማን ያስታውሳል? ፔይሮል ሲስተሙ ቀኑን ራሱ ካልቆጠረልዎት ይህን ዓይነት አልመክርም።

ደግሞም እዚህ ገንዘቡን የሚያስመልሰው የ90 ቀን ዕድል የለም። ሠራተኛው ሳያውቅ የተቆረጠበት ተቆረጠ።

ኢካ

ባለሙያዎቹ ኢካ (EACA) የሚሉት፣ በ2006 የወጣው የጡረታ ጥበቃ ሕግ የፈጠረው ዓይነት ነው። አሁን ግዴታ ያለባቸው አዳዲስ ፕላኖች ሁሉ ይህን እንዲሆኑ ሕጉ ያዝዛል። መለያው ያ የመመለሻ ዕድል ነው። ፕላኑ ለሠራተኛው ከ30 እስከ 90 ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ግዴታ ያለበት አዲስ ፕላን መመለሻውን መስጠት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው የተቆረጠበት ደመወዝ ነው እንጂ ደብዳቤው ከተላከበት ቀን አይደለም። ይህን ለሠራተኞችዎ ሲያስረዱ እንዳይሳሳቱ። የወጣው ገንዘብ በዚያ ዓመት ገቢ ሆኖ ታክስ ይከፈልበታል፤ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት በማውጣት የሚመጣው የ10 በመቶ ቅጣት ግን የለበትም። አሠሪው በዚያ ገንዘብ ላይ የጨመረው ማች፣ ማለትም ሠራተኛው ሲቆጥብ አሠሪው የሚያዋጣለት ድርሻ፣ ካለ ሠራተኛው ያጣዋል።

የማሳወቂያው ቀን መቁጠሪያ ሁለት ነው። ላሉት ሠራተኞች በየዓመቱ፣ የፕላኑ ዓመት ከመጀመሩ ከ30 ቀን ባላነሰ፣ ከ90 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ይሰጣል። የፕላኑ ዓመት ጃንዋሪ 1 የሚጀምር ከሆነ መስኮቱ ከኦክቶበር 3 እስከ ዲሴምበር 2 ነው። ሴፕቴምበር ላይ ሥራ ቀለል ሲልልዎ «ልገላገል» ብለው ቢልኩት አልተቆጠረልዎትም፤ ዲሴምበር 10 ቢልኩትም ዘግይተዋል። እኔ ለደንበኞቼ ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ሳምንት አደርገዋለሁ፤ ሁሉም ሥራ ላይ ይገኛል፣ የጠፋ ወረቀት ቢኖር እንኳ ለመተካት ቀን ይተርፋል።

ለአዲስ ሠራተኛ ደግሞ ለፕላኑ ብቁ እስከሚሆንበት ቀን ድረስ ይሰጣል። የተቀጠረበት ዕለት ብቁ የሚሆን ከሆነና ቀድሞ መስጠት ካልተቻለ፣ በተቻለ ፍጥነት ተሰጥቶ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት እንዲወስን ዕድል ማግኘት አለበት። ስለ ፈንዱ የሚያስፈልገው የ30 ቀን ቅድሚያም በኢካ ውስጥ ይላላል፤ ሠራተኛው ገንዘቡን የማስመለስ መብት ስላለው ብቁ በሚሆንበት ቀን ቢሰጠው በቂ ነው። ዛሬ ቀጥሮ ዛሬ ለሚያስመዘግብ ድርጅት ኢካ ከተራው የሚሻለው በዚህ ነው። ብዙ የፕላን ሻጮች ይህን ሳይጠቅሱት ያልፋሉ፤ ለምግብ ቤት ባለቤት ግን ከምንም በላይ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

የኢካ ችግሩ የወረቀት ሥራው ነው። «መልሱልኝ» ያለ ሰው ሁሉ ቼክ ይጻፍለታል፣ በዓመቱ መጨረሻ 1099-አር የሚባለው የታክስ ቅጽ ይላክለታል፣ ማቹ ይነጠላል። 15 ሰው አስገብተው 6ቱ በሁለተኛው ወር ከወጡ የቀላል ሥራ አይደለም። እንዲህ የሚሆነው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን በደንብ ያልተነገራቸው ሲሆኑ ነው።

ኳካ

ኳካ (QACA) የሚባለው ሌላው የአውቶማቲክ ምዝገባ ዓይነት ከኢካ ጋር ሊደረብ ይችላል። እዚህ አሠሪው የግድ ያዋጣል፤ በምትኩ የአድሎ ፈተና ከሚባለው ዓመታዊ ፈተና ይድናል። ፈተናው የሚያየው ባለቤቶቹና ከፍተኛ ተከፋዮቹ ከሌሎቹ ሠራተኞች አንጻር ምን ያህል እንደቆጠቡ ነው። ከድርጅቱ ከ5 በመቶ በላይ ድርሻ ያለው ባለቤት ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን ከፍተኛ ተከፋይ ይባላል፤ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹ፣ ወላጆቹም በድርጅቱ ከሠሩ አብረው ይቆጠራሉ። ባልና ሚስት አብረው በሚመሩት፣ ልጅ ካሽ ላይ በሚቆምበት የእኛ ዓይነት ድርጅት ውስጥ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ቢወጡ ቤተሰቡ ፈተናውን ይወድቃል፤ ያስገቡት ገንዘብም ተመልሶ ታክስ ይከፈልበታል።

ኳካ የሚጠይቀው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ለሁሉም ብቁ ሠራተኛ፣ ቆጠበም አልቆጠበም፣ 3 በመቶ መስጠት፤ ወይ ማች፦ የመጀመሪያውን 1 በመቶ ሙሉውን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን 5 በመቶ ግማሹን። የሠራተኛው መነሻ 3 በመቶ ሆኖ 4፣ 5፣ 6 እያለ ይወጣል፤ አዲሱ ግዴታ የሚመለከተው ፕላን ከሆነ ደግሞ እስከ 10። አሠሪው ያዋጣው ቢዘገይ በ2 ዓመት አገልግሎት ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው መሆን አለበት።

በብር እንየው። በዓመት 41,600 ዶላር የሚያገኙ 20 ሠራተኞች አሉዎት እንበል። ለሁሉም 3 በመቶ ከሰጡ 24,960 ዶላር ነው። ማች ከመረጡና ሁሉም በ3 በመቶ ከቆዩ የእርስዎ ድርሻ 2 በመቶ፣ 16,640 ዶላር ይሆናል። ሁሉም 6 በመቶ ሲደርሱ ድርሻዎ 3.5 በመቶ፣ 29,120 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ ስለሆነ ማችን የመረጠ ሰው አራተኛው ዓመት ላይ ይደነግጣል።

ማሳወቂያውም ከኢካው የከበደ ነው። ዓመታዊው መስኮት ያው ከ30 እስከ 90 ቀን ነው። በተጨማሪ ሠራተኛው ደብዳቤውን ከተቀበለ በኋላና መቆረጥ ከመጀመሩ በፊት ለመወሰን በቂ ጊዜ ማግኘት አለበት፤ በዚያው ልክ ደግሞ መጀመሪያውን ያለልክ ማዘግየት አይቻልም። ደብዳቤው ከተሰጠ በኋላ ከሚጀምረው ሁለተኛ የደመወዝ ጊዜ ክፍያ፣ ወይም 30 ቀን ካለፈ በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ ክፍያ፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው ማለፍ የለበትም። ደብዳቤው የአሠሪውን መዋጮና የ2 ዓመቱን ነገርም መናገር አለበት። ማሳወቂያው ቢጓደል ከፈተናው የሚያድነው ጥበቃ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ገንዘቡን ከፍለው ጥቅሙን ማጣት ማለት ነው። ስለዚህ ኳካን የምመክረው ቤተሰቡ ራሱ ብዙ መቆጠብ ለሚፈልግበትና ቀኑን የሚከታተል የተመደበ ሰው ላለበት ድርጅት ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱ ካሽ ላይም፣ ኩሽናም፣ ፔይሮልም የሚሠራ ከሆነ በኢካ ይጀምር፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ መደረብ ይችላል።

ሁለቱንም ሲያስቡ የፌዴራሉን የታክስ ክሬዲት አይርሱ። እስከ 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት አዲስ ፕላን ሲከፍት የማስተዳደሪያውን ወጪ እስከ ሙሉው፣ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ ለ3 ዓመት ከታክሱ ሊቀንስ ይችላል፤ አውቶማቲክ ምዝገባ ሲጨምርበት ደግሞ በዓመት 500 ዶላር ለ3 ዓመት።

በእጅ፣ በኢሜይል ወይስ በድረ ገጽ?

ዓይነቱን ከመረጡ በኋላ ሁለተኛው ምርጫ ይኼ ነው። የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2002 ባወጣው ደንብ፣ በየዕለት ሥራው ኮምፒውተር ለሚጠቀም ሠራተኛ በኤሌክትሮኒክ መላክ ይፈቀዳል፤ ሌላው ሰው ግን ፈቃዱን መስጠት አለበት። የቢሮ ሰው ካለዎት ይሠራል። አረጋዊ የሚያጥብ፣ መኪና የሚያቆም፣ እንጀራ የሚጋግር ሰው ግን ኮምፒውተር ፊት አይቀመጥም።

በ2020 የወጣው ደንብ ሰፋ ያለ ነው። ሠራተኛው የሰጠዎት ኢሜይል ወይም የስማርት ስልክ ቁጥር ካለ፣ ሰነዱን ድረ ገጽ ላይ አድርጎ «እዚህ ተቀምጧል» የሚል አጭር መልእክት መላክ ይቻላል። ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መጀመሪያ በወረቀት «ከእንግዲህ በኤሌክትሮኒክ እንልካለን፤ ወረቀት ከፈለጉ በነፃ ይሰጥዎታል» ብለው ማሳወቅ አለብዎት። መልእክቱ ሳይደርስ ተመልሶ ከመጣም ዝም ማለት አይቻልም፤ ሌላ አድራሻ ማግኘት ወይም ወረቀት መላክ የግድ ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ በበኩሉ ሠራተኛው መልእክቱን በእውነት መክፈት የሚችል መሆኑን ይጠይቃል።

የእኔ ምክር፦ ዓመታዊውን በኤሌክትሮኒክ ይላኩ፣ የመጀመሪያውን ግን በእጅ ይስጡ። ሰውየው የታክስ ቅጹን ሲሞላ፣ እስክሪብቶው እጁ ላይ እያለ። ሕጉ ፊርማ አይጠይቅም፤ እኔ ግን ስምና ቀን የተጻፈበት አንድ ገጽ አስፈርሜ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ተጠያቂነት ሲመጣ «ልከናል» ማለት ብቻ አይበቃም። አውቶማቲክ ምዝገባን የማያሳውቅ የፕላን አስተዳዳሪ ላይ ሕጉ በቀን እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ጽፏል፤ መጠኑም ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ይጨምራል።

በአማርኛ መጻፍ ያስፈልጋል ወይ?

ማሳወቂያው ተራው ሠራተኛ ሊረዳው በሚችል መንገድ መጻፍ አለበት ይላል ሕጉ። የፕላኑን ደንቦች ለሠራተኛው ስለሚያስረዳው ማጠቃለያ መጽሐፍ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ደንብ አለ። በዓመቱ መጀመሪያ ከ100 ያነሰ ተሳታፊ ያለው ፕላን ውስጥ 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት የሚያነብቡት አንድ ዓይነት ከእንግሊዝኛ ውጭ የሆነ ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ በዚያው ቋንቋ «እርዳታ ከፈለጉ እዚህ ይጠይቁ» የሚል ጽሑፍ ጎላ ብሎ መውጣት አለበት፤ እርዳታውም በእርግጥ መሰጠት አለበት። 100 ወይም ከዚያ በላይ ተሳታፊ ላለው ፕላን መለኪያው 500 ሰው ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። 16 ሠራተኛ ካለው ምግብ ቤት 4ቱ አማርኛ ብቻ የሚያነብቡ ከሆነ ደንቡ እርስዎን ይመለከታል። ብዙ የፕላን ኩባንያዎች ይህን የሚያደርጉት ለስፓኒሽ ነው፤ ለአማርኛ ካልጠየቋቸው አያስቡትም። ይጠይቋቸው።

ደንቡ ባይመለከትዎትም አንድ ገጽ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ጋር ያያይዙ። ሕጋዊው ሰነድ እንግሊዝኛው ነው፤ አማርኛው እንዲተካው ሳይሆን እንዲነበብ ያደርገዋል። እኔ ለደንበኞቼ የምሰጠው ይህን ይመስላል፤ ቀንና መቶኛውን በራስዎ ፕላን ቀይረው ይጠቀሙበት፦

«ውድ ባልደረባችን፣ ከዚህ ጋር የተያያዘው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስለ ጡረታ ቁጠባዎ ነው። ታክስ አይደለም። ምንም ካላሉን ከማርች 6 ደመወዝዎ ጀምሮ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 3 ዶላር ተቆርጦ በስምዎ ይቀመጣል። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር አንድ ዶላር እየጨመረ 10 ዶላር እስኪደርስ ይቀጥላል። ካልፈለጉ፣ ወይም ማነስ ወይም መብለጥ አለበት ካሉ፣ ቅጹን ሞልተው እስከ ፌብሩዋሪ 27 ይመልሱልን። ከዚያ በኋላም በፈለጉት ጊዜ ማስቆም ይችላሉ። የተቆረጠውን መልሰው ለመውሰድ ግን እስከ ጁን 4 ብቻ ነው ጊዜ ያለዎት። ያን ጊዜ የሚወስዱት ገንዘብ የገቢ ታክስ ይከፈልበታል፤ ሌላ ቅጣት የለበትም። ገንዘቡ የሚገባበትን ፈንድ ካልመረጡ በዕድሜዎ ልክ በተዘጋጀው ፈንድ ውስጥ እናስገባለን፤ ያንንም መቀየር ይችላሉ። ያልገባዎት ነገር ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁን።»

ጁን 4 ከማርች 6 ተነሥቶ 90ኛው ቀን ነው። «90 ቀን» ብሎ መተው ሠራተኛውን ቆጥረህ ድረስበት ማለት ስለሆነ ቀኑን ራስዎ ቆጥረው ይጻፉት። ስለሚጨምረው መጠንም እንዲሁ። በየሁለት ሳምንቱ 1,600 ለሚያገኝ ሰው 3 በመቶ 48 ዶላር ነው፤ 10 በመቶ 160 ዶላር። ዛሬ 48ን አይቶ የተስማማ ሰው 160ውን ስለ መስማማቱ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ሲታዩት ነው።

እንቢ ያሉትስ?

እንቢ ያለ ሠራተኛ ፋይሉ አይዘጋም። ሴኪዩር 2.0 እዚህ ላይ ሥራውን አቅልሎታል። መጀመሪያ ማጠቃለያ መጽሐፉንና የብቁነት ማሳወቂያዎቹን ያገኘ፣ ግን ያልተመዘገበ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን ሁሉ ሳይሆን በየዓመቱ አንድ የማስታወሻ ደብዳቤ ብቻ ቢደርሰው ይበቃል፤ ሌላ ሰነድ ከጠየቀ ይሰጠዋል። በዚህ ሳይሰለቹ ይላኩት። እቁቡ ሲወጣለት ወይም የመኪናው ዕዳ ሲያልቅ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ብዙ ነው። ቢሮዬ የመጡት እናትም መቁረጡን ለጊዜው አስቁመው፣ እቁባቸው ሲያልቅ በ5 በመቶ ተመልሰው ገብተዋል።

ቀኑ ካለፈብዎት

አንድ አዲስ ሠራተኛ ተረስቶ ሳይመዘገብ ቢቀርና ስሕተቱን ራስዎ ቀድመው ቢያገኙት፣ ማስተካከያው ከፕላኑ ዓመት ማብቂያ በኋላ እስከ 9 ወር ተኩል ድረስ ይፈቀዳል። ሠራተኛው ራሱ ቀድሞ ከነገረዎት ግን ጊዜው ያጥራል፤ ከነገረዎት ወር በኋላ ባለው ወር ማብቂያ ቀጥሎ ከሚመጣው ደመወዝ ማለፍ የለበትም። በጊዜው ካስተካከሉት ሳይቆረጥ የቀረውን የሠራተኛውን ድርሻ ከኪስዎ እንዲተኩ አይጠየቁም፤ ያመለጠው ማች ካለ ግን ከትርፉ ጋር ይከፍሉለታል። ትክክለኛው መቁረጥ በተጀመረ በ45 ቀን ውስጥም ሠራተኛው ስለ ስሕተቱ በጽሑፍ ማሳወቂያ ማግኘት አለበት። ያንን ደብዳቤ ደግሞ በፖስታ አይላኩት፤ ጠርተው አስቀምጠው በሚያውቀው ቋንቋ አስረድተው በእጁ ይስጡት።